የቀዳም ሥዑር መርፌ

ዘሀራ ኬላው ጋ ስትደርስ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። የበልጉ ዝናብ መንገዱን አጨቅይቶታል፤ ጭቃ ይዞ ወደ በሽተኛ ክፍል መግባትን ደግሞ ሲስተር ጥሩወርቅ አትወድም።

«ወዴት ነሽ በጠዋት?» አላት ወታደሩ፤ ጠመንጃውን ካፖርቱ ውስጥ እንደ ሕፃን አቅፎታል።

«ወደ መጋዘኑ።»

«እህል ልትሰፍሪ?»

«ሰው ልወጋ።»

ወታደሩ ትንሽ አሰበበት። «እኛም ለዚሁ ነው የመጣነው» አለና ገመዱን ዝቅ አደረገላት።

መጋዘኑ የሚሉት ሆስፒታሉን ነው። በሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ጦርነቱ ከሰሜን እየተንከባለለ ሲወርድ የደብረ ታቦር አልጋ ሁሉ ቁስለኛ ሞላበት፤ ከከተማው ዳር የነበረ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘንም ባንድ ስብሰባ ሆስፒታል ሆነ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» ተብሎ ተጻፈበት። ውስጥ ያለውን የድሮ ጽሑፍ ግን የሚያጠፋው አልተገኘም፤ «እህሉ እርጥበት እንዳይነካው ከግድግዳ አርቁ» ይላል። አልጋዎቹም ከግድግዳ ርቀው ተደርድረዋል። በሸራ መጋረጃ ለሁለት ተከፍሎ ከወዲያ ወታደር፣ ከወዲህ ባላገር ይተኛል። ሐኪሙ አንድ ነው፤ እሱም ከወዲያ ማዶ ነው።

ዕለቱ የፋሲካ ዋዜማ ነበርና ክርስቲያን ነርሶቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ይህ የቆየ ስምምነት ነው። በፋሲካና በገና ዘሀራ ትገባለች፣ በኢድ ነርሷ ፈንታነሽ ትገባላታለች፤ ማንም አስፈርሞ አያውቅም። በዚያ ዓመት ረመዳንና ሁዳዴ ተደራርበው ስለነበር ሠራተኛው በሙሉ ጿሚ ነው። በመጋዘኑ ውስጥ የሚበሉት በሽተኞቹ ብቻ ናቸው፤ እነሱም ሁሉም አይደሉም።

መድኃኒቱን ከማዳረሷ በፊት ወደ ጓሮ ወጣች። የፍሪጁ ላምባ ካለቀ ወዲህ ኢንሱሊኑ የሚቀመጠው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ በተቀበረ ገንቦ ነው። ብልቃጡን አውጥታ በመዳፏ ሞቅ አደረገችው፤ ከማሰሮው የተቀቀለውን የመስተዋት ስሪንጅ አነሣች፤ ወደ መሪጌታ ቀለመወርቅ አልጋ ሄደች።

መሪጌታ ከጉና ሥር በቃሬዛ የመጡ የቅኔ መምህር ናቸው። የስኳር በሽታ እግራቸውን ከሥር አበስብሶት ሁለት ጣታቸው ተቆርጧል፤ ቁስሉ በየቀኑ ይታጠባል። ሁዳዴ የገባ ሰሞን ከሲስተር ጥሩወርቅ ጋር ክርክር ገጥመው ነበር።

«የኔታ፣ ይህ መድኃኒት ካለ ምግብ መርዝ ነው» አለቻቸው።

«እኔስ ካለ ጾም ምንድን ነኝ?»

«ቤተ ክርስቲያንም በሽተኛን አታስገድድም።»

«አላስገደደችኝም። እኔ ነኝ የማስገድዳት።»

ጥሩወርቅ የዋርዱ ኃላፊ ናት፤ ጄኔራልም ቢሆን ቁስሉን ሳታጥብ አትለቅም። እሳቸውን ግን አልቻለቻቸውም። በመጨረሻ እህል የሚቀምሱት ዘጠኝ ሰዓት ከሆነ መርፌውም ዘጠኝ ሰዓት እንዲሆን ተስማሙ። መርፌው ጾም ያስገድፍ እንደሆነ ሲጠየቁ «በአፍ አይገባም» ብለው ፈረዱ። ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ስለሚበላ መርፌውም ጠዋት ሆነ። ጥሩወርቅ ይህንኑ በካርቶን ጽፋ ከአልጋቸው ግርጌ ሰቀለችው፤ ለነርሶቹም «ሳህኑን ሳታዩ ስሪንጁን አታንሡ» የሚል ሕግ አወጣች። ሕጉ ጥሩ ሕግ ነበር። ሁዳዴ በሙሉ ያለችግር አለፈ።

ዘሀራ ካርቶኑን አየች። ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ሳህኑን አየች፤ ዳቦውም ሽሮውም የለም፣ ተጠርጓል።

«በሉልኝ፣ የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ መሪጌታ፤ የፈለገ ሰው እንደ አዎ ሊሰማው በሚችል ድምፅ።

ከአጠገባቸው የተኛው ሸሪፍ የሚባል የሐሙሲት ጨው ነጋዴ ነው፤ ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ እያገገመ ነው። በዚህ ጊዜ ጣራውን እያየ ነበር።

«አንተስ ጋሽ ሸሪፍ፣ በላህ?»

«ከሚገባኝ በላይ» አለ ሸሪፍ። እውነቱን ነበር።

ዘሀራ ወጋቻቸው። በእሷ ሃይማኖት በሽተኛ አይጾምም፤ ሲድን ቀኑን ይከፍላል። መሪጌታ ደግሞ ከማንም የባሰ በሽተኛ ናቸው። ሳህኑ ባዶ፣ ካርቶኑ ቅዳሜ። ሌላ የሚጠየቅ ነገር አልታያትም።

ረፋዱ ላይ ደቀ መዛሙርቱ ቄጤማ ይዘው መጡ። የሁሉም ታላቅ ቄስ ገብረየሱስ ነው፤ ጢሙ የሸበተ፣ ከመምህሩ እግር ሥር ግን እስካሁን ያልተነሣ። ቄጤማውን በየአልጋው አደለ። ወታደሮቹም ከመጋረጃው ወዲያ እጃቸውን ዘርግተው ወሰዱና በፋሻቸው ላይ አሰሩት። ሸሪፍ «ለኔም ስጠኝ፣ ባይሆን ጆሮዬ ላይ ላድርገው» ብሎ ወሰደ። መሪጌታም በግንባራቸው ዙሪያ ታሰረላቸው። ከዚያ ተማሪዎቹ እንደ ልማዳቸው አልጋውን ከበው ተቀመጡ።

ዘሀራ ከመጋረጃው ወዲያ የወታደር ቁስል እያጠበች ነበር፤ የሆነውን በኋላ ነው የሰማችው።

መሪጌታ «ጀልባ» አሉ።

ተማሪዎቹ ጠበቁ።

«ጉና ላይ ጀልባ። አውርዷት። ውሃው መጣ፣ አውርዷት።»

ተማሪዎቹ ተያዩ። ጉና ላይ ብርድ እንጂ ጀልባ የለም። «ሰሙ ጉና ነው» አለ አንዱ በሹክሹክታ። «ወርቁ የኖኅ መርከብ» አለ ሌላው። ሦስተኛው ወርቁ ቤተ ክርስቲያን ናት ብሎ ሊከራከር ሲል ገብረየሱስ «ዝም በሉ! እየተገለጠላቸው ነው» አለ። መሪጌታ ተንቀጠቀጡ፤ ላባቸው ከቄጤማው ሥር እየፈሰሰ አንገታቸው ላይ ወረደ። አንዱ ተማሪ በነጠላው ጫፍ ላቡን ጠረገና ነጠላውን ሳመው።

ሸሪፍ ሲያይ ቆየ። «ስሙኝማ» አለ፣ «የናንተን አላውቅም፤ እኔ ግን በቅሎም እንዲህ ስታልበው ዝም ብዬ አላይም።»

«አንተ ይህ አይገባህም» አሉት።

«አይገባኝም። ሲስተር! ኧረ ሲስተር! ሰውየው እየሄደ ነው!»

ዘሀራ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። እጃቸውን ያዘች፤ እንደ ጠል እርጥብና ቀዝቃዛ ነው።

«የኔታ፣ እኔ ማነኝ?»

መሪጌታ አዩዋት። ዐይናቸው ከእሷ አልፎ ወዲያ ማዶ ሄደ።

«ምንም አልበሉም» አለ ሸሪፍ።

«ምን?»

«ቁርሱን እኔ ነኝ የበላሁት። የእኔንም የእሳቸውንም። በብርድ ልብሱ ሥር አቀበሉኝ፣ ለማንም አትናገር አሉኝ፣ እኔም ርቦኛል… ሽሮ ነው፣ ሃይማኖት የለውም ብዬ።»

ዘሀራ ወደ ገብረየሱስ ዞረች። «ዛሬ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ቅዳሜ በጠዋት ይበላሉ!»

«ቅዳሜማ ነው» አለ ገብረየሱስ። «የዛሬዋ ግን የተሻረችው ቅዳሜ ናት። በዓመት ውስጥ የምትጾም ቅዳሜ እሷ ብቻ ናት። የኔታ ደግሞ አክፍለዋል፤ ከሐሙስ ማታ ወዲህ ውሃም አልቀመሱም።»

«ለምን አልነገሩኝም!»

ገብረየሱስ የእውነት ገረመው። «አክፍሎት ይነገራል እንዴ?»

ሸሪፍ ከትራሱ ሥር በጨርቅ የተቋጠረ የቀበሌ ስኳር አወጣ። ዘሀራ በኩባያ በጠበጠችው፤ ወደ መሪጌታ አፍ ስታስጠጋ ግን ገብረየሱስ እጇን ያዘ። ጠንካራ እጅ ነው።

«አይሆንም እህቴ። ፋሲካው ሊደርስ ነው እኮ፤ ሌሊት ይገድፋሉ። ይህን ያህል ወጥተው ደጃፉ ላይ ልታስጥያቸው?»

«ሌሊት አይደርሱም።»

«ምናቸው ነው?»

«እኔ ነኝ» አለች ዘሀራ። «ዛሬ የወጋኋቸው መርፌ ነው። የሚበላው ሲያጣ እሳቸውን እየበላቸው ነው። ልቀቀኝ።»

ለቀቃት። መሪጌታ ግን በዚያች ቅጽበት ጥርሳቸው ገጠመ፣ ዐይናቸው ወደ ላይ ተገለበጠ። እንዲህ ባለ ሰው አፍ ውስጥ ውሃ ማፍሰስ በደረቅ መሬት ማስመጥ ነው፤ ወደ ሳንባ ይገባል። ኩባያውን አስቀመጠችና በጎን አስተኛቻቸው። ጥቂት ስኳር በጣቷ ይዛ ድዳቸውን አሸች። ያ እንደማይበቃ ታውቃለች።

ገብረየሱስ ከጀርባዋ ቆሞ «በደም ሥር የሚሰጥ የለም?» አለ። «በአፍ እንኳ ካልሆነ…»

አለ። ግሉኮሱ አለ፤ የተቆለፈበት ቁልፍም አለ፤ ቁልፉ ከጓድ መዝገቡ ወገብ ላይ ነው። ዘሀራ ሮጠች።

ጓድ መዝገቡ የመጋዘኑ የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ቢሮው ድሮ እህል የሚመዘንበት ክፍል ስለሆነ ትልቁ ሚዛን አሁንም ከጠረጴዛው ጎን ቆሟል፤ ኮፍያውን የሚሰቅለው እሱ ላይ ነው። አስተማሪ ነበር፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። በየመሥሪያ ቤቱ የተሰገሰጉ አሻጥረኞች እንዲጋለጡ ከላይ መመሪያ ከመጣ ሰንብቷል። ሌሎች መሥሪያ ቤቶች አጋልጠዋል። መጋዘኑ እስካሁን ባዶ እጁን ነው፤ ይህም በየስብሰባው በትሕትና ይነሣበታል።

«ጓድ፣ ግሉኮስ እፈልጋለሁ። አሁን።»

«ለቁስለኛ ነው?»

ውሸቱ አፏ ድረስ መጣ። ግን ውሸት ጊዜ ይፈጃል፤ አልጋ ይፈልጋል፣ ስም ይፈልጋል፣ የት እንደቆሰለ ይጠየቃል። እውነቱ ያጥራል።

«ለመሪጌታ ቀለመወርቅ። ኢንሱሊን ሰጥቻቸው ምግብ አልበሉም ኖሯል። ራሳቸውን ስተዋል።»

መዝገቡ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ሰጥተሻቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ላልበላ ሰው?»

«የበሉ መስሎኝ። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«የግንባሩን ግሉኮስ፣» አለ መዝገቡ እንደ ማሰብ ብሎ፣ «አንቺ መርፌ ወግተሽ ለጣልሽው ሰው። ይህ እኮ በቃል የሚወጣ ዕቃ አይደለም ሲስተር። አሁን የነገርሽኝን ጻፊልኝ፣ ፈርሚበት።»

«ቁልፉን ከመለስኩ በኋላ እጽፋለሁ።»

«ሰው ከመለሰ በኋላ አይጽፍም» አለ መዝገቡ። ቁልፉን ከወገቡ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረና በመዳፉ ከደነው። ዘሀራ ቆማ ጻፈች። ፈረመች። መዳፉ ተነሣ።

የመሪጌታ ደም ሥር ጠፍቶ ነበር። ገብረየሱስ ክንዳቸውን አጥብቆ ያዘ፤ ሸሪፍ ቀዶውን በአንድ እጁ ደግፎ ከአልጋው ወርዶ ሻማ አቀረበ። ክርናቸው ላይ አንድ አገኘች። ግሉኮሱ ወፍራም ነውና ቀስ ብሎ ነው የሚገፋው፤ ቸኩለው ከገፉት ሥሩን ያቃጥላል። ዙሪያዋን የቆሙት ሁሉ ቀዩን የደም ክር በመስተዋቱ ውስጥ ያያሉ። ተማሪዎቹ ስለ ጀልባዋ መከራከር ትተዋል።

መሪጌታ ዐይናቸውን ገለጡ። ቆይተው «ምነው ከበባችሁኝ፣ ልትገንዙኝ ነው?» አሉ።

አንዱ ተማሪ አለቀሰ። ዘሀራ ግን አልተቀመጠችም።

«የኔታ፣ ይህ የሰጠሁዎ ያልቃል። ጠዋት የወጋሁዎ መርፌ ግን እስከ ማታ ይሠራል። አሁን ካልበሉ ይመለሳል፤ ሁለተኛ ግሉኮስ ደግሞ አይሰጡኝም።»

«ጌታ በመቃብር ሳለ?» አሉ መሪጌታ በቀስታ። «ሰባ ዓመት ሙሉ በዚህች ቀን አልቀመስኩም። ሞት ከሆነ የታባቱ፣ ዛሬን የመሰለ ቀን አላገኝም። ተይኝ ልጄ።»

ገብረየሱስ አንገቱን ደፋ።

«እሷስ?» አለ ሸሪፍ።

«እሷ ምን?»

«መዝገቡ ዘንድ ፈርማ ነው ያመጣችው፤ ስትመለስ ከራሷ አፍ ሰምተናል። ወጋኋቸው ብላ በእጇ ጽፋ። እርስዎ ዛሬ መንግሥተ ሰማያት ይገባሉ፤ መልካም። እሷን ነገ ሰው ገደለች ብለው ይረሽኗታል።»

«እውነት ነው?» አሉ መሪጌታ።

ዘሀራ የመርፌውን ጫፍ ትጠርግ ነበር። «ይብሉ፣ የኔታ» አለች ብቻ።

መሪጌታ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው ሰደው ቄጤማውን ፈቱት። አጣጥፈው ለገብረየሱስ ሰጡት።

«ዳቦ አምጡ።»

ገና ያልነካውን የምሳ ዳቦውን ሸሪፍ አቀበለ። ተማሪዎቹ እንዳያዩ ፊታቸውን አዞሩ፤ መሪጌታ ግን «ወደዚህ ዙሩ፣ ተደብቄ አልበላም፤ ተደብቄ ነው ይህን ሁሉ ያመጣሁት» አሉ። ድርቁን ዳቦ በበሽተኛ ጥርስ እያኘኩ እስከ መጨረሻው በሉ። ሲጨርሱ የስኳሩን ውሃ ጠጡና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ።

ሲስተር ጥሩወርቅ የሰው መልእክት ደርሷት ከቤተ ክርስቲያን የመጣችው፣ ጓድ መዝገቡ ወረቀቱን ይዞ ከአልጋው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ነው።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ገና ነጠላዋን ሳታወርድ። «ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ትናንት ስቅለት ስለሆነ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሳህናቸው አልተነካም ነበር፤ አይቼ መርፌውን ተውኩት። ለሷ ግን ሳልነግራት ወደ ስግደት ሄድኩ። ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን ይወጋ ነበር።»

«ቁርሱን የበላሁት እኔ ነኝ» አለ ሸሪፍ።

«ጠይቃኝ የደበቅኋት እኔ ነኝ» አሉ መሪጌታ ከግድግዳው ሳይዞሩ።

ጓድ መዝገቡ ከአንዱ ወደ አንዱ ተመለከተ። ሰው ጥፋት ሲሻማ አይቶ አያውቅም። ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ፤ ሲጨርሱም ወረቀቱን አሳያቸው።

«ፊርማው የአንድ ሰው ነው» አለ። «አንቺ ሲስተር ጥሩወርቅ ለቁስለኛው ታስፈልጊያለሽ። መሪጌታ ሽማግሌ ናቸው። ነጋዴው መብላቱ ወንጀል አይደለም። ከላይ የሚፈለገው አሻጥረኛ ነው፤ አንድ ይበቃል።»

«ሰውየው እኮ ድነዋል!» አለች ጥሩወርቅ።

«እሱም ይጻፋል» አለ መዝገቡ። «በንቃታችን ከሸፈ ተብሎ።»

ላንድሮቨሩ አመሻሹ ላይ መጣ። ሞተሩ ሳይጠፋ ሁለት ሰዎች ዘሀራን ይዘው ወጡ። የመኪናው በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ ጥሩወርቅን ጠራቻት።

«የኔታ ማታ መርፌ የላቸውም። ሌሊት አንድ ጊዜ ቀስቅሱና እጃቸውን ዳስሱ፤ ካላበው ስኳር ስጧቸው። ከመጋረጃው ወዲያ እግሩ የተቆረጠው ልጅ ሞርፊን ወስዷል፣ እንዳይደገምበት። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ፋሻው አልተቀየረም፣ አልደረስኩም…»

«ግቢ» አላት አንዱ።

«…በሩ ጋ ያለው ሽንቱን ከጠዋት ጀምሮ አልሸናም» አለች ዘሀራ፤ በሩም ተዘጋ። ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ወረዱ። ከዚያ ወዲያ የት እንደደረሰች ለደብረ ታቦር ሰው የነገረው የለም። አባቷ ሰዒድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ስንቅ ይዞ በየእስር ቤቱ ደጃፍ ሲዞር ከረመ። በሄደበት ሁሉ «እዚህ የለችም» ይሉታል፣ ስንቁን ግን ይቀበሉታል።

ፋሲካ ነጋ። መሪጌታ በልተዋል፤ የበሉትንም ሁሉም አይቷል። ተረኛዋ ፈንታነሽ ነበረች። ስሪንጁን አነሣች፣ ሳህኑን አየች፣ ሸሪፍን አየች፣ ስሪንጁን መልሳ አስቀመጠችው።

«በልቻለሁ እኮ ልጄ» አሉ መሪጌታ።

«አውቃለሁ፣ የኔታ።»

«ታዲያ?»

«እጄ እንቢ አለኝ» አለች ፈንታነሽ።

ጥሩወርቅ ወጋቻቸው። በማግሥቱም እሷ፣ በሠልስቱም እሷ። በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን ጥሩወርቅ ወደ ግንባር የሕክምና ቡድን ተመደበች። ከእሷ በኋላ ብልቃጡ ከገንቦው የሚወጣበት ቀን እየሳሳ ሄደ፤ አንዷ ሌላይቱ ወግታለች ትላለች፣ ሌላይቱም እንዲሁ። መሪጌታ ማንንም አልከሰሱም። እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ጠቆረ። ደቀ መዛሙርቱ በቃሬዛ ወደ ጉና ሲመልሷቸው ሸሪፍ እስከ ኬላው ድረስ ሸኛቸው፤ ሰኔን አላዩም።

ክረምቱ ሲገባ ጓድ መዝገቡ ለበላይ ባቀረበው ሪፖርት፣ በመጋዘኑ አሻጥር ከነሥሩ መነቀሉንና ከሚያዝያ ወዲህ አንድም የመድኃኒት ስሕተት አለመድረሱን ገለጸ። ምስጋና ተጻፈለት። ምስጋናው በንባብ በተሰማበት ቀን፣ ፈንታነሽ ከመጋረጃው ወዲያ የአንዱን ወታደር መድኃኒት ለሌላው ወጋች። መርፌውን ስታወጣ ነው ያወቀችው። ልጁ ገና ጢም ያላወጣ ነበር፤ «አላመመኝም፣ እጅሽ ጥሩ ነው» አላት።

ዙሪያዋን ተመለከተች። ያያት የለም። ለሐኪሙ ብትነግረው ምን ማድረግ እንደሚቻል ያውቅ ይሆናል፤ ሐኪሙ ጀርባውን ሰጥቶ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ቆሟል፣ ሲያስል ይሰማታል።

«ተመስገን» አለችው ልጁን፣ ብርድ ልብሱን እስከ አገጩ ሳበችለትና ስሪንጁን ልትቀቅል ሄደች።